ወገብ ላይ የታሰረ ነጠላ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ቁጣን ከሰው ገላ የሚያነቡ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ደጀኔ ከአረማመድ ያነባል። አሰግድ ከእጅ። ውብሸት ከፊት። አጎታቸው ይህን አይተው አንድ መሥሪያ ቤት አስቀጠሯቸው፤ አንዱን ውጭ በር ላይ፣ አንዱን ደረጃው ሥር፣ አንዱን የኃላፊው ቢሮ ደጃፍ። የተቆጣ ሰው ኃላፊው ፊት እንዳይደርስ።

አንድ ዓርብ ወይዘሮ ዘርፌ መጡ። ቤትዎ ሰኞ ይፈርሳል ተብለዋል። አቤቱታ የሚቀበሉት በዚያው ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የአቤቱታው ወረቀት በእጃቸው። ሰዓቱ ዘጠኝ።

ደጀኔ ከሩቅ አያቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረው፣ መሬቱን እየረገጡ ይመጣሉ። በሩን ዘጋ።

«እማማ፣ ለጠብ ታጥቀው ወዴት ነው?»

«የምን ጠብ? ዕቃ ሳወጣ ውዬ ነው። አንተ ነጠላ ተከናንበህ ቁም ሳጥን ተሸክመህ ታውቃለህ?»

«ፈትተው ደህና አድርገው ይልበሱት፣ እከፍታለሁ።»

አልፈታም አሉ። አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ፈቱ።

አሰግድ እጃቸውን አየ። ወረቀቱ በጡጫቸው ውስጥ ተጨማዷል። ወንበር አመጣ። ውሃ አመጣ።

«እንዲህ ሆነው ቢገቡ ነገር ይበላሻል። በረድ ይበሉ።»

«እኔ እስክበርድ ቤቴ ይፈርሳል፣ ልጄ።»

«ይጠጡ፣ እማማ።»

ደግ ልጅ ነው። ሃምሳ ደቂቃ አስቀመጣቸው።

ውብሸት ፊታቸውን አየ። ከሦስቱ እርሱ ብቻ ቁጣው እውነተኛ መሆኑን፣ ተገቢም መሆኑን አወቀ።

«እናቴ ትሙት፣ ልረዳዎት ነው። ኃላፊው የተቆጣ ፊት ካየ ያስወጣዎታል። ፈገግ ይበሉ።»

«በምን ደስታዬ?»

«ለቤትዎ ሲሉ።»

ፈገግ አሉ። በሩን ከፈተላቸው።

ኃላፊው ኮቱን እየለበሰ ቀና አለ። የሚስቅ ፊት አየ። «የእርስዎ አያስቸኩልም፤ ሰኞ ይምጡ» አለና አልፏቸው ወጣ። «ዛሬ እኮ ነው ማብቂያው!» ሲሉ ደረጃውን ወርዶ ጨርሷል።

ሰኞ ቤቱ ፈረሰ።

ማክሰኞ ወይዘሮ ዘርፌ አልጋቸውን በጋሪ አስጭነው ከወንድማማቾቹ ቤት ደጅ ደረሱ። ነጠላው ወገባቸው ላይ ታስሯል። ወንድማማቾቹ ሦስት ክፍል አላቸው፤ ለያንዳንዳቸው አንድ።

«ሦስታችሁም ቁጣዬን አያችሁ። ‹ምን አስቆጣዎት?› ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። አሁን አንዳችሁ ክፍሉን ይልቀቅልኝ።»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አለ ደጀኔ። «ነጠላውን ቶሎ ቢፈቱት ኖሮ...»

«እኔ ውሃ ነው የሰጠሁት!» አለ አሰግድ።

«እኔማ አስገባኋቸው» አለ ውብሸት።

«ቁጣቸው ልክ እንደሆነ እያወቅህ!» ብለው ሁለቱ ጮኹበት።

አልጋው እስካሁን ደጅ ነው። ሰማዩ ዳምኗል። ወይዘሮ ዘርፌ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አሁን ፈገግ አይሉም። እናንተ የሰማችሁ፣ ዝናቡ ሳይጥል ፍረዱ፤ ክፍሉን የሚለቀው ከሦስቱ ማን ነው?