ወንድይራድ የዘጋው በር

ባለፈው እሁድ እድር ላይ፣ አንድ ጎረቤታችን ከወንድሙ ጋር ስለተጣላበት ነገር ቢጠየቅ «የቤቴ ጉዳይ ነው፣ እኔው እጨርሰዋለሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጠቡ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አልጨረሰውም። ታዲያ አንድ ሽማግሌ አንዲት ተረት ጣል አደረጉበትና ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ደግሞ ጠጋ ብሎ «ስለ ሌባ የተባለች ናት» ብሎ ሊያስረዳኝ አይሞክር መሰላችሁ! ለእኔ! እዚያው ልቆጣው ስል የእድሩ ዳኛ ጸጥታ አስከበሩ። ያልተናገርኩት ሲከነክነኝ ሰነበተ፣ ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። ስለ ሌባ አይደለችም። የወጣችው ከኛው አገር ከይፋት፣ ከወንድይራድ ቤት ነው። ነገሩም የእባብ ነገር ነው።

ወንድይራድ ደህና ገበሬ ነበር፤ ሲበዛ ግን ሰው ምን ይለኛል ባይ ነው። ጎረቤት ያየዋል ብሎ የተቀደደ ጋቢውን በጨለማ የሚያሰፋ ሰው። ሚስቱ በለጡ ትባላለች፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ አሰገደች ናት። አሰገደችን የወንዝ ማዶው ምንዳዬ ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ አባትየው ሲቀር።

ችግሩ ገድ ነው። በዚያ ዘመን ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሎች መንገድ ላይ ገድ ያዩ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሌላ ቤት ለአሰገደች የተላኩ ሽማግሎች ቀበሮ ቢያቋርጣቸው ከመንገድ ተመለሱ። ቀበሮዋ የራሷ ጉዳይ ነበራት፤ ስሙ የተለጠፈው ግን በልጅቱ ላይ ነው። «ገደ ቢስ» አሏት። ምንጭ ስትወርድ ሴቱ ሁሉ ያንሾካሹክባት ጀመር። ሁለተኛ ጊዜ ሽማግሌ ደጃፏ ደርሶ ቢመለስ ከእንግዲህ ማንም ዝር እንደማይልላት እናትም አባትም እሷም ያውቁታል።

የምንዳዬ ሽማግሎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ጠላው በእንስራ ተሞልቷል። ረፋድ ላይ በለጡ መደቡ ላይ የተነጠፈውን ቁርበት ላራግፍ ብላ ጫፉን ብታነሳ፣ ከሥሩ እባብ ሽር አለ።

«በስመአብ! እባብ! እባብ!»

ከሷ ይልቅ የደነገጠው እባቡ ነው። ከመደቡ ወርዶ በቀጥታ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ገሰገሰ። ልብ በሉልኝ፣ በገዛ ፈቃዱ ሊወጣ ነበር! ወንድይራድ ግን በዚያው ቅጽበት ወደ ውጭ ቢያይ ነጫጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከወንዙ ወዲህ ዳገቱን ይወጣሉ። ሽማግሎቹ ናቸው። ቀበሮ አይተው የሚመለሱ ሰዎች ከሙሽራዪቱ ቤት እባብ ሲወጣ ሊያዩ! ዘሎ በሩን ድርግም አደረገና መወርወሪያውን ሸጎረ። እባቡም ሳንቃው ጋ ደርሶ መንገድ ቢያጣ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«አንተ ሰው፣ ምን ማድረግህ ነው?» አለች በለጡ።

«ዝም በይ! ሳይደርሱ ገድዬ እቀብረዋለሁ።»

ቤቱ መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ ምድጃው ላይ ከቀረችው ፍም በቀር ጨለማ ነው። ወንድይራድ ዘነዘናውን አነሳ። አሰገደች ጥግ ላይ የተደፋ ሙቀጫ ላይ ወጥታ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«እፉኝት ነው» አለች በለጡ መደቡ ላይ ቆማ፤ «ወፍራም ነው፣ ጭራው አጭር ነው። ከነደፈ አያስተርፍም!»

«ምን እፉኝት ትያለሽ! ጥቁር ነው፣ ርዝመቱ ዘንዶ ያህላል።»

«እኔ ያየሁት ቀጭን ነው፣ ቡናማ» አለች አሰገደች።

አንድ እባብ፣ ሦስት ዓይነት! እንግዲህ ይህን ሁሉ ነው ወንድይራድ በጨለማ የሚያሳድደው። ምሰሶው ሥር የተጠቀለለ ነገር አየና በዘነዘናው ደበደበው። «ገደልኩት! ገደልኩት!» አለ። በእጁ ቢዳብሰው የሞፈሩ ጠፍር ነው። ቀጥሎ ጓዳው በር ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ሰማ፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። እንስራው ተሰባበረና ጠላው ቤቱን አጥለቀለቀው። እባቡም ሲረጥብ ጊዜ ደረቅ ፍለጋ ወደ ጥግ ሄደ።

«አባዬ» አለች አሰገደች በቀስታ፤ «ሙቀጫው ሥር ነው። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ።»

በለጡ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ወንድይራድ ዘነዘናውን ቢያነሳ የልጁን እግር ሊሰብር ነው፣ ቢተወው እባቡ ሊነድፋት። ዘነዘናውን እንደያዘ ቆመ።

ይህን ጊዜ ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። የሽማግሎቹ መሪ የአያ ደግፌ ድምፅ ነው። ወንድይራድ ለሚስቱና ለልጁ «ዝም በሉ» ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ። እንግዲህ በቀጠሮ ቀን በሩን ዘግቶ ሽማግሌን ዝም ማለት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ልጄን አልሰጥም ማለት ነው። አያ ደግፌ ደግመው ተጣሩ፤ መልስ የለም።

«መልሱንማ አየነው» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ኑ እንሂድ።»

የእግራቸው ኮቴ ሲርቅ አሰገደች ሰማች።

«አባዬ፣ ክፈተው!»

«እባቡን ያዩታላ!»

«ይዩት! እሱ ቢነድፈኝ አንድ ጊዜ ነው። እነሱ ከተመለሱ ግን ዕድሜ ልኬን ነው የምነደፈው። ክፈተው አባዬ፣ በሞቴ!»

ልጅቱ እንዲህ ብላው አታውቅም። ወንድይራድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ በሩ ጋ ደረሰ፣ መወርወሪያውን ሳበ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ መደቡ ላይ ሚስቱ አጠገብ ዘሎ ወጣ።

ብርሃን ገባ። እባቡ ከሙቀጫው ሥር ጭንቅላቱን አውጥቶ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ማንንም ሳይነካ ሽው ብሎ ደፉን ተሻገረ፣ በሩ ሲከፈት ሰምተው ዞር ባሉት ሽማግሎች መካከል አለፈ። አቤት ያን ጊዜ የሆነው! እነዚያ የተከበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወዲያና ወዲህ ተበተኑ። አያ ደግፌ በዚያ እርጅናቸው እንዴት እንደወጡ ሳይታወቅ የአጥሩ ካብ ላይ ተገኙ። ፀሐይ ላይ ሲታይ እባቡ ቀጭን፣ ቡናማ ነበር፤ ሆዱ መሃል ላይ የዋጣት አይጥ ጉብ ብላለች። ቁልቋሉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

«መርዛም ይሆን?» አለ አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን እያስተካከለ።

«እኔ በምን አውቄ?» አሉ አያ ደግፌ ከካቡ ላይ። «መንገድ ለቀቅንለት፣ ሄደልን። ሌላውን ራሱ ይወቀው!»

ወንድይራድ በጠላ ርሶ፣ ዘነዘናውን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከኋላው አሰገደች ብቅ አለች፤ ዓይኗ የሽማግሎቹ አፍ ላይ ነው።

«እንግዲህ አያችሁት» አለ ወንድይራድ አንገቱን ደፍቶ። «ትመለሳላችሁ መቼም።»

«ገዱማ...» ብሎ አንዱ ሲጀምር አያ ደግፌ አቋረጡት።

«ገዱማ ምን ያጠያይቃል? ሲገባ ያየ ይመለስ! እኛ ያየነው ሲወጣ ነው። ክፉ ነገር ከዚህ ቤት ሲወጣ በዓይናችን አየን፤ ከዚህ ወዲያ ምን ገድ ትፈልጋላችሁ?»

በለጡ እልልታዋን አቀለጠችው። አሰገደች እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ዓመት ሙሉ ይዛው የኖረችውን ነው ያለቀሰችው። ወንድይራድ እፎይ ብሎ ዘነዘናውን ጣለ።

«ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ! አያ ደግፌ፣ ይውረዱ!»

«ልጅህን ለልጃችን ካልሰጠኸን አንቀመጥም። እኔም ከዚህ ካብ አልወርድም።»

«ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ አልኩ! ይውረዱልኝ፣ ወድቀው ሌላ ጣጣ እንዳያመጡብኝ!»

ሳቅ ሆነ። ሽማግሎቹ ገቡ፣ በረጠበው መደብ ላይ ጫፍ ጫፉን ይዘው ተቀመጡ። ጠላ የለም፤ ውሃ ተቀዳላቸው። ያን ቀን የጠጡት ውሃ ከጠጅ ይጥም ነበር እያሉ ኋላ ሲያወሩ ኖረዋል።

«እኔ የምለው ወንድይራድ፣» አሉ አያ ደግፌ፣ «ልንሄድልህ እኮ ነበር። በሩን ምን ብለህ ዘጋኸው?»

«እንዳታዩብኝ ብዬ ነዋ! ዘግቼ ላባርረው ነበር።»

አያ ደግፌ የእንስራውን ስባሪ፣ የተደበደበውን ጠፍር፣ ሙቀጫውን፣ ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገውን አሰገደችን አንድ በአንድ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አዬ ወንድይራድ፣ በር ዘግቶ እባብ አይባረርም።»