በባላንጣ እጅ የሚሰፈርበት ገበያ

በወይራምባ ደጋና በሐርጉማ ቆላ መካከል፣ ውሃ በክረምት ብቻ በሚወርድበት በቦርከሎ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይቆማል። በዚህ ገበያ የደጋ ሴት እህሏን ራሷ አትሰፍርም፤ ቁናውን ለገዢው ትሰጣለች። የቆላው ነጋዴም አሞሌ ጨውን ራሱ አይለካም፤ ደገኛዋ በስንዝሯ ትለካዋለች። እንግዳ ሰው ሲያየው ልማዱ ከፍቅር የመጣ ይመስለዋል። ሽማግሌዎች ግን እንዲህ አይሉም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን የደጋው ገዥ አዛዥ ድልነሳሁና የቆላው ሹም ተማም በንግድ ተማማሉ። ውላቸው አንድ ቁና ገብስ ከነቁልሉ በሁለት አሞሌ እንዲለወጥ፣ አሞሌውም ሙሉ ስንዝር እንዲሆን ነበር። ውሉ እንዳይፈርስ ሁለቱም ወገኖች ሰው በመያዣነት ሰጡ። ከቆላ የተማም ታናሽ ወንድም ወጣ፤ ከደጋ ደግሞ ሰብስቤ የሚባል ገበሬ ወረደ። የሰብስቤ ሚስት ወይዘሮ ትርንጎ ንግዱ በሚካሄድበት በአዛዡ ኬላ እህል ሰፋሪ ነበረች ይባላል።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ዝናብ ሲያጥር፣ አዛዡ ትርንጎን ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ቁልሉን በእንጨት እየጠረግሽ ስፈሪ» አላት።

«ጌታዬ፣ ባሌ እኮ እነሱ እጅ ነው።»

«ቆለኛ ምን ያያል? ዝም ብለሽ ጥረጊ!»

ፈርታ ጠረገች። ቆለኞች ግን አዩ፤ እነሱም በተራቸው አሞሌውን ከጫፉ ይሞርዱ ጀመር። አዛዡ ይህን ሲሰማ ተቆጥቶ ኬላውን ዘጋ፣ ተማምም የጨው መንገዱን ዘጋ። ታች ሰው ተራበ፤ ላይ ከብቱ ጨው አጥቶ የቤት ግድግዳ ይልስ ጀመር። በመጨረሻ ተማም «እስከ ሐሙስ ቁልሉ ካልተመለሰ ሰብስቤን በረሃ አሻግሬ እሸጠዋለሁ» ብሎ ላከ።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ከነሰዎቻቸው ጦር ይዘው በቦርከሎ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ቆሙ።

«አዛዥ ሆይ፣ ቁናህ ጾም ያዘ እንዴ? ሆዱ ጎደለብን!» አለ ተማም።

«ያንተንስ ጨው አይጥ በላው?» አለ አዛዡ።

ጦሩ መነቅነቅ ሲጀምር ትርንጎ ቁናዋን ይዛ ወደ መሀል አሸዋ ወረደች።

«ጌታ ተማም፣ እጄን አያምኑትም፤ ልክ ነዎት፣ ጠርጌያለሁ። ይኸው፣ እርስዎ ይስፈሩ። ጨውዎን ግን እኔ እለካለሁ። ቁልሉን ሰማይ ቢያደርሱት፣ እኔም ጣቴ እስኪሰነጠቅ እዘረጋለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ! ቁናዬን ለጠላት?» ብሎ አዛዡ ጮኸ።

«ባሌን ሰጥተው የለም እንዴ ጌታዬ? ቁናው ይበልጣል?»

ተማምም ወደ አሸዋው ወርዶ ቁናውን ከእጇ ተቀበለ።

ተማም ገብሱን እስኪፈስ ድረስ ቆለለ። ትርንጎም ጣቷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ አሞሌው ላይ አሳረፈች፤ ጨው በሁለት ጣት ጎደለ። ተማም እጇን አየ፣ ቁልሉንም አየ። ከዚያ በመዳፉ ጥቂት አነሳ። እሷም ጣቷን ጥቂት ሰበሰበች። እንደገና አነሳ፤ እንደገና ሰበሰበች። ልኩ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱም ዓይን ለዓይን እየተፋጠጡ ነበር፤ ከወዲህም ከወዲያም የሳቀ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ሰው አስሬ መቀለብ ለምን ያስፈልገኛል?» አለ ተማም። «የምገዛው ገብስ ልክ በእጄ፣ የምትገዛው ጨው ልክ በእጇ ነው።»

በዚያው ዕለት ሰብስቤ ዳገቱን ወጣ፣ የተማም ወንድምም ቁልቁለቱን ወረደ። አዛዡ ግን ቂሙን አልረሳም፤ ትርንጎን ከኬላው ሥራ አባረራት። እሷ ከባሏ ጋር ገብስ እያረሰች ኖረች ይላሉ።

ዛሬ ኬላው የለም። በቦርከሎ አሸዋ ላይ ደገኛና ቆለኛ ሲገበያዩ ሰላምታ እንኳ አይሰጣጡም፤ እህሏን ራሷ ለመስፈር የሞከረች ሴት ካለች «ቁናውን ስጪ!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ይወርድባታል። ይዋደዳሉ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ «አይዋደዱም» ይላሉ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ግን ከሁለቱም አገር በመያዣነት የተሰጠ ሰው የለም።