ጭስ የሌለው ፍም

አንድ ተማሪ ነበረች። ስለናት ትባላለች። ለትምህርት ብላ ከገጠር መጥታ በታላቅ ወንድሟ በደረበ ቤት ትኖራለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከተማዋ ደጋ ስለሆነች ሰኔ ሲገባ ብርዱ ግድግዳ አልፎ ይገባል።

ስለናት ጎበዝ ነበረች። መምህር የተናገረውን ቃል በቃል ትይዛለች፤ ሲጠየቅም ቀድማ እጇን ታወጣለች። ክፍሉ የሚያውቃት በዚህ ነው። እሷም ራሷን የምታውቀው በዚህ ነበር።

የዓመቱ ፈተና ሲቃረብ የኬሚስትሪ መምህሩ ስለ ከሰል አስተማሩ። ከሰል በቂ አየር በሌለበት ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ እንደሚያወጣ ነገሯቸው። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ሰውን ያደክማል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። ከዚያ ክፍሉን ጠየቁ። ስለናት ተነስታ የጋዙን ስም፣ ከምን እንደሚወጣና ምን እንደሚያደርግ ሳትሳሳት ተናገረች። ቀለምም ሽታም እንደሌለው ጨመረች።

መምህሩ እንደ ወትሯቸው «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አላሏትም።

«ቀለም የለውም አልሽ። ሽታም የለውም አልሽ። ታዲያ ቤት ውስጥ መኖሩን በምን ታውቂያለሽ?»

ስለናት ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ይህ ደብተሯ ላይ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቁባት። ደወል ተደወለና ነገሩ በዚያው ቀረ። ፈተና ላይ አይመጣም ብላ ተወችው።

እውነትም አልመጣም። ፈተናው ላይ የመጣው የጋዙ ስም ነበር። ጻፈችው። ወረቀቷን ከሁሉም ቀድማ መልሳ ደስ እያላት ወደ ቤት ሄደች።

ቤቱ አራስ ቤት ነበር። የደረበ ሚስት ፀዳለ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ሕፃኗ ገና ስም አልወጣላትም። ፀዳለን የሚያርሷት እናቷ እማማ ጥሩዬ ናቸው። ለዚሁ ብለው ከሩቅ መጥተዋል።

እማማ ጥሩዬ ከፀዳለ በፊት ሌላ ልጅ ነበረቻቸው። የሺመቤት ትባል ነበር። በአራስነቷ አልጋ ላይ እንዳለች ሞተች። ንፋስ መታት ይላሉ እማማ። አንዲት ጎረቤት ልትጠይቃት ገብታ መስኮት ከፈተችባት፤ የገደላት ያ ነው ይላሉ። ከዚያች ጎረቤት ጋር እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ስለዚህ ፀዳለ የተኛችበትን ክፍል መስኮት ዘግተው ጋቢ ወጠሩበት። ጣራውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ክፍተት በጨርቅ ወተፉ። የበሩን ሥር በጆንያ ደፈኑ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ቶሎ ዝጋ ይሉታል። ማንም አይከራከራቸውም። አንድ ልጅ የቀበረች እናት ሁለተኛዋን ስትጠብቅ ማን ምን ይላታል?

ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ።

«ከሰል አቀጣጥለሽ አምጪልኝ የኔ ልጅ» አሉ እማማ። «ደህና አድርጊው፤ ጭሱ ሳያልቅ እንዳታስገቢ።»

ስለናት ደጅ ከጣራው ሥር ተጠልላ በከሰል ምድጃ አቀጣጠለች። ጭሱ እስኪያልቅ አራገበች። ፍሙ ቀልቶ ሲጠራ ምድጃውን በሁለት እጇ ይዛ ገባች፤ በሩንም በእግሯ ዘጋች። ጠዋት የጻፈችውን ነገር ከሰዓት በኋላ ተሸክማ ገባች። አላወቀችውም። ያኛው የትምህርት ቤት ነበር፤ ይሄኛው የቤት።

ክፍሉ ሞቀ። ለጥየቃ የመጡት ጎረቤታቸው እትዬ ወደሬ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘረጉ። ደረበ ከሥራ ገብቶ በውጭኛው ክፍል ተቀምጧል። ወንድ አራስ ቤት ምን ይሠራል ብለው ያስወጡት እማማ ናቸው። ቤቱ ሰላም ይመስል ነበር።

ቆየት ብሎ ፀዳለ ራሴን አመመኝ አለች። ማቅለሽለሽም ጀመራት። እማማ ምች ነው አሉ። ምድጃው ላይ ከሰል ጨመሩ፣ ብርድ ልብስ ደረቡላት፣ ስለናትን ደግሞ ጓሮ ሄዳ ዳማከሴ እንድትቀጥፍ ላኳት።

ስለናት ዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትቀጥፍ አንድ ነገር ታወቃት። እሷንም ራሷን ሲያማት ነበር። ሲተዋት ነው ያወቀችው። ቅጠሉን ይዛ ገባች። ትንሽ ስትቆይ ሕመሙ ተመለሰ። እማማን አየቻቸው፤ ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍረው አስረዋል። እትዬ ወደሬ ዓይናቸውን ያሻሉ።

ውኃ ልቅዳ ብላ እንደገና ወጣች። አሁን የወጣችው ለመቅዳት አልነበረም፤ ለማወቅ ነበር። ደጅ ቆማ ጠበቀች። ሕመሙ ለቀቃት። የመምህሩ ጥያቄ ያኔ መጣባት። በምን ታውቂያለሽ?

ገብታ ከሰሉ ነው አለች። እናውጣው፣ መስኮቱንም ትንሽ እንክፈተው አለች።

እትዬ ወደሬ ሳቁ። «እኛን ያሳደገን ከሰል ዛሬ ሰው ሊገድል? ይቺ ልጅ ፈተናው ላይ ሳትጨርሰው የቀረውን ነው እዚህ የምትጨርሰው።»

ፀዳለ እንኳን ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች። እማማ አልተቆጡም። ስለናትን በእጃቸው ጠቅሰው ወደ ምድጃው አስጠጓት።

«እይው እስቲ። ጭስ አለው? ጭስ ቢኖረው እኔ ልጄ አጠገብ አስቀምጠው ነበር?»

ጭስ አልነበረውም። ስለናት አፈረች። በሰው ቤት የምትኖር ልጅ አፏን አታበዛም ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ዝም ማለት ጨዋነት መሰላት።

እትዬ ወደሬ ከበደኝ፣ ልሂድና ጋደም ልበል ብለው ወጡ። ዝናቡ አላባራም። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ፀዳለ አልተነሳችም። እማማ ደክሟት ነው፣ ትተኛ አሉና ሕፃኗን ሊያነሱ ብድግ ሲሉ ተንገዳገዱ። ግድግዳ ያዙ። ተመልሰው ተቀመጡ።

ሕፃኗ ማልቀሷን ተወች።

ስለናትን ከለቅሶው ይልቅ ዝምታው አስፈራት። ተነስታ የፀዳለን ትከሻ ነቀነቀች። አንገቷ ወደ አንድ ወገን ወደቀ እንጂ ዓይኗ አልተገለጠም። ስለናት በሩን ከፍታ ወንድሟን ጠራችው፤ ደረበ ሮጦ ገባ።

«ጋሼ፣ ፀዳለን እናውጣት። አሁኑኑ።»

እማማ እንደ ምንም ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ግራና ቀኝ መቃኑ ላይ ዘረጉ።

«በዚህ ዝናብ አራስ አይወጣም። አንዷን በመስኮት ወሰዱብኝ። ይቺን በበር ልትወስዱብኝ ነው?»

ደረበ በሁለቱ መካከል ቆመ። አንዷ ገና ልጅ ናት። አንዷ ወልደው ያሳደጉ፣ ቀብረውም ያለቀሱ እናት ናቸው። ሚስቱን አየ፣ አማቱን አየ።

ስለናት የጋዙን ስም ልትጠራ ነበር። ተወችው። ስሙ እዚህ ቤት ማንንም አያንቀሳቅስም። ያየችውን ተናገረች።

«ጋሼ፣ አንተን ራስህን ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«እኔን እዚህ ስሆን ያመኛል፣ ደጅ ስወጣ ይተወኛል። እትዬ ወደሬን አሟቸው ሄዱ። እማማ ሻሽ ያሰሩት ሲያማቸው ነው። ምች ቢሆን የሚመታው ፀዳለን ነው እንጂ የገባውን ሰው ሁሉ ይመታል?»

ደረበ የእማማን ግንባር አየ።

«ልሳሳት እችላለሁ» አለች ስለናት። «እኔ ተሳስቼ ከሆነ ፀዳለን ይበርዳታል። ጋቢ ደርበን እናሞቃታለን፤ እኔንም ወደ አገሬ ትልከኛለህ። እማማ ተሳስተው ከሆነ ግን በምን እንመልሳታለን?»

ደረበ ወደ አልጋው ሄደ። ጎንበስ ብሎ ሚስቱን ከነብርድ ልብሷ አቀፋት። እማማ ግን ከበሩ ላይ አልተነሱም። እናቴ ይበሉኝ፣ ዞር ይበሉልኝ እያለ ለመናቸው። እምቢ አሉ።

ስለናት ሕፃኗን ከአልጋው ላይ አንስታ ወደ አያቷ ዘረጋቻት።

«እማማ፣ ይያዙልኝ።»

ሕፃን የተሰጠው ሰው እጁን ዘርግቶ ሊቆም አይችልም። እማማ ሳያስቡት ከመቃኑ እጃቸውን አውርደው የልጅ ልጃቸውን ተቀበሉ። ደረበ ያን ጊዜ አለፈ። እማማም ሕፃኗን በነጠላቸው ሸፍነው ተከተሉት። ስለናት ጋቢውን ቀድዳ አወረደች፣ መስኮቱን በረገደች፣ ምድጃውን አውጥታ ዝናቡ ላይ ደፋችው።

ጣራው ሥር ደረበ ሚስቱን ታቅፎ ተቀመጠ። ስሟን ይጠራል። መልስ የለም። እማማ የሕፃኗን ፊት ገልጠው እፍ ይላሉ፣ እግሯን ያሻሉ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ማንም ማንንም አላየም። ስለናት ግድግዳውን ተደግፋ ምነው ሲስቁብኝ ዝም ባላልኩ ትል ነበር በሆዷ።

መጀመሪያ ሕፃኗ አነጠሰች። ከዚያ ጮኸች። ፀዳለ ያንን ድምፅ ስትሰማ አቃሰተች፣ አስመለሳት፣ ዓይኗን ገለጠች። ልጄስ አለች።

ደረበ ባጃጅ ጠርቶ ሁሉንም ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ነርሷ ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ ብላ ጀመረችና ፊታቸውን አይታ አልጨረሰችውም። እናትና ልጅ ተረፉ።

እማማ ጥሩዬ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከስለናት ጎን ተቀመጡ። ሻሻቸውን ፈቱ። ራሴን ተወኝ አሉ። ከዚያ ሻሹን እያጠፉ፣ እየዘረጉ ተናገሩ።

«የሺመቤትም ራሴን ብላኝ ነበር። ጎረቤቷ መስኮቱን የከፈተችው እሷ ለምናት ነው። መልሼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። በርዷታል ብዬ ፍም ጨመርኩ።» ወደ ስለናት ዞሩ። «አንቺ ተምረሻል። ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

ስለናት በሕይወቷ ሙሉ መልስ ለመስጠት እጇን ስታወጣ ኖራለች። አሁንም መጽሐፉ ምን እንደሚል ታውቃለች። መጽሐፉ ግን የሺመቤት በሞተችበት ክፍል አልነበረም። እሷም አልነበረችም።

«እኔ ያኔ አላየሁም እማማ፤ አላውቅም» አለቻቸው። «ዛሬ ሕፃኗን አቅፈው ያወጧት ግን እርስዎ ነዎት። እሱን አይቻለሁ።»

እማማ ሻሹን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ስለናት እስኪጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጠች።

የፈተና ውጤት በተሰጠበት ቀን ስለናት ኬሚስትሪን መቶ ከመቶ ደፍና ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ያዘችና መምህሩን ፈልጋ ሄደች። ያኔ ለጠየቁኝ መልስ አምጥቻለሁ አለቻቸው። ጋዙ የሚታወቀው በሰዎቹ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ሲያመው፣ ሲወጣ ሲተወው። መምህሩ ይህን ማን ነገረሽ ብለው ጠየቋት። እርስዎ ነገሩኝ፣ እኔ ቤት ግን የደረሰው ዘግይቶ ነው አለች።

እማማ ጥሩዬ ልጃቸውን አርሰው ሲጨርሱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የመጀመሪያ ሥራቸው ወደዚያች ጎረቤት መሄድ ነበር። ምን እንዳሏት የሚያውቅ የለም። አብረው ሲያለቅሱ የሰማ ግን አለ። ዛሬ እማማ በዚያ ሠፈር አራስ ሲጠይቁ ገና ሳይቀመጡ እጃቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። የነገርን ስም ማወቅና ነገሩን እጅ ላይ ሲያገኙት መለየት አንድ አይደሉም። ስለናት ስሙን ጠዋት አውቃለች፤ ነገሩን ያወቀችው ሰው ከታመመ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን የተማርነውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትተን እንገባለን፤ ሲስቁብን ደግሞ እንቀመጣለን። ውሳኔ ሲመጣ ሁልጊዜ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እማማም ስለናትም ፀዳለን ይወዷታል፤ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችሉ ነበር። እርግጠኛ ባልሆንን ጊዜ የምንጠይቀው ማን ትክክል ነው ብለን ብቻ አይደለም። ከሁለቱ ስህተት የትኛው ይመለሳል ብለንም ነው። የሚመለሰውን መርጦ መሳሳት ይቻላል። የማይመለሰው ግን ከተደረገ በኋላ እውቀት ለለቅሶ ብቻ ይተርፋል።

እናንተስ? ስሙን እያወቃችሁ፣ ጭስ የለውም ብላችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ወደ ቤታችሁ ያስገባችሁት ነገር ምንድን ነው?

ይህን የምታነቡት ከሰል በተቀጣጠለበት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ከሆነ ግን ለጥያቄው መልስ አትፈልጉ። ተነሱና መስኮቱን ክፈቱ። የተኛውን ቀስቅሱና ውጡ።