የቶልባይ ዶምብራ

በአንድ ወቅት፣ ካዛኮች በሰፊው ሜዳ ከብት እየነዱ በሚዘዋወሩበት ዘመን፣ ካን የሚሉት ገዢያቸው እንኳ የሚፈራው ቶልባይ የሚባል ገጣሚ ነበራቸው። ሠራዊት የለው፣ ሀብት የለው፤ ያለው ዶምብራ የሚሉት ባለ ሁለት ክር የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ነው። በሸንጎ ከካኑ ቀኝ ይቀመጣል። ዶምብራውን እስከያዘ ድረስ የፈለገውን ቢናገር አይነካም፤ ልማዳቸው እንዲያ ነው። ጎራዴ የታጠቀማ የትም ሞልቷል፤ ገዢውን ፊት ለፊት የሚገሥጽ ሰው ያለው ግን ስንት አገር ነው?

አንድ ጊዜ ካኑ ሕዝቡ የበረዶውን ወራት የሚያሳልፍበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ ለአማቹ ሊሰጥ ተነሣ። ቶልባይ ዶምብራውን አነሣና፦

«ሣራችንን ሰጥተህ ለአማችህ ፈረስ፣
ማን ይቆምልሃል ጠላት ሲገሰግስ?»

ብሎ ጀምሮ ረጅም ግጥም ደረደረበት። ካኑ ሰውየውን መንካት አልቻለም፤ ግጥሙን ግን ከለከለ። «የዘፈነው ምላሱን ያጣል» አለ።

ብዙ ሳይቆይ ቶልባይ ታመመ። ሚስቱን ቢቢሳራን «ዶምብራዬን፣ ይህን ግጥም ከሞት ላዳነው ሰው ስጪ» ብሏት ዐረፈ። ዶምብራውን የወረሰ የሸንጎ መቀመጫውንም ይወርሳል። ግጥሙ ደግሞ የትም አልተጻፈም።

ሴት ልጁ ኩራላይ፣ እንደ አገሯ ልማድ ባዝራ ፈረሶቹን ስታልብ፣ በለሆሳስ ታዜመው ጀመር። አንዲት ቃል አልጣለችም፣ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ከባዝራዎቹ በቀር ግን ማንም አልሰማትም። እኛ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እንላለን፤ ቶልባይ ዕድለኛ ነው፣ ሁለቱም አልጠፉበትም።

ሳርሰን የቶልባይ ባላንጣ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በግጥም ፉክክር ሲሸነፍለት ኖሮ፣ ከሞተም በኋላ አልተወውም። በፉክክር ሕጋቸው የባላንጣን ግጥም ሳይደግሙ መልስ መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ ሳርሰን በየድግሱ እየተነሣ «የቶልባይን ቅራቅንቦ ስሙ» ይልና፣ የተከለከለውን ግጥም ከደገመ በኋላ ይሳለቅበታል። የካኑ ሰዎች ሲይዙት «እየሰደብኩት እኮ ነው። ሳልደግመው በምን ልስደበው?» አላቸው። ስቀው ለቀቁት። አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሰማው እዚህም እዚያም ይጎድልበታል፤ ቢሆንም አገሩ ሁሉ ግጥሙን ከእሱ ተማረ፣ ስድቡን ረሳ። ሳርሰን ይህን አስቦበት ያደርገው እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ዬርደን የቶልባይ ደቀ መዝሙር ነው። ካኑ ግጦሹን ለአማቹ በሚያስረክብበት ቀን ባዶ እጁን ሸንጎ ገባ። ዶምብራ አልያዘምና ልማዱ አይጠብቀውም። ዘፈነ። መሐል ላይ ፍርሃት ቃሉን ነጠቀው፤ አልቆመም፣ ከራሱ እየፈጠረ ሞላው። ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ከድንኳኑ ውጭ ያለው ሕዝብ ከሳርሰን የተማረውን ይዞ ተቀበለው። ካኑ የዚያን ሁሉ ሕዝብ ምላስ ሊቆርጥ አይችልም። አንገቱን ደፍቶ «ግጦሹ ይቅር» አለ።

ከዚያ በኋላ ሦስቱም ቢቢሳራ ፊት ቀረቡ።

«እማ፣ አባባ ያለውን እንዳለ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለች ኩራላይ።

«እናቴ፣ ተደብቆ የኖረ ግጥም ከሞተ በምን ይለያል? ምላሴን አስይዤ የዘፈንኩት እኔ ነኝ» አለ ዬርደን።

ሳርሰንም ጢሙን እየደባበሰ ተናገረ። «ሟቹ ለእኔ እንደማይናዘዝ አውቃለሁ። ግን ውጭ የቆመውን ሕዝብ ማን አስተማረው?»

ቢቢሳራ ዶምብራውን ጭኗ ላይ አጋድማ አለቀሰች፤ ኩራት ነው ያስለቀሳት። «ባሌ ወዳጁም ጠላቱም የማይጥለው ቃል ትቶ ሄዷል» አለች። ዶምብራው ግን አንድ ነው፣ መቀመጫውም አንድ። ካኑ ደግሞ ሌላ ግጦሽ ሊወስድ ተመኝቶ ሸንጎ ጠርቷል፤ ቀኙ ባዶ ነው።

እኔ እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ግጥሙን ከሞት ያዳነው ማን ነው? ዶምብራውስ ለማን ይገባል?