ከኋላዋ ያዘቀዘቀችው የይመር መኪና

እኛ ሰፈር ሰው የራሱን ጉድ በሌላው ሲያላክክ አንዱ ሽማግሌ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ከሰማይ አልወረደችም፤ ያመጣብን ይመር ነው። ሲነሳበት ዛሬም ራሱ ይስቃል።

ይመር ከስንት እጅ የተረፈች አሮጌ መኪና ገዝቶ ነበር። ክፉዋን መስማት አይወድም። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከኋላዋ "ቋ!" ትላለች፤ ሰው ሲሳፈርባትማ ጀርባዋ መሬት ሊነካ ይደርሳል። "ምንድን ነው ይሄ?" ሲሉት "መንገዱ ነው" ይላል።

የአማቱ የወይዘሮ ሎሚ የእህት ልጅ የተዳረች ዕለት፣ አማቱን ከኋላ፣ ጎረቤታችንን ጋሽ እንድሪስን ከፊት አስቀምጦ ወደ ሰርጉ ቤት ተነሳ። ወይዘሮ ሎሚ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ጩኸቷን አቀለጠችው።

"ልጄ፣ ይህች መኪናህስ ታማለች" አሉ ወይዘሮ ሎሚ።

"መኪናዋ ምንም አልሆነች፣ እማማ" አለ ይመር ቱግ ብሎ። "እርስዎ ትንሽ... ከበዱባት እንጂ።"

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"አውርደኝ" አሉ ወይዘሮ ሎሚ።

"ኧረ እማማ፣ ቀልዴን እኮ ነው!"

"አውርደኝ ብያለሁ፤ እንዳልሰብርብህ።"

ወርደው ባጃጅ አስቆሙ። ባጃጇ እሳቸውን ተሸክማ ሽው አለች፤ የይመር መኪና ደግሞ ያለ እሳቸውም "ቋ! ቋ!" እያለች ተከተለች። ሰርጉ ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቷል። ሚስቱ ዘሐራ ከወጥ ድስቱ ቀና ሳትል "እናቴን መዘንካት አሉ?" አለችው። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ሎሚ ደጁን አልረገጡም። ዘሐራም ከ"አዎ" እና "አይ" በላይ አላናገረችው።

ሲጨንቀው መኪናዋን ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ተፈሪ የኋላ ጥግዋን በሁለት እጁ ተጭኖ ሲለቃት፣ እስክስታ እንደያዘው ሰው ከፍ ዝቅ ማለቷን ቀጠለች።

"ንዝረቱን የሚያበርደው አሞርዛተር አልቋል" አለ። በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ገባና ደግሞ፣ "ጀርባዋን የሚሸከመው ባሌስትራም ተሰብሯል!"

"በቅርቡ... ከባድ ሰው ተሳፍሮባት ይሆን እንዴ?" አለ ይመር፣ በተስፋ።

"ስብራቱ ዝጓል እኮ! አንተ ሳትገዛት በፊት የተሰበረ ነው።"

አሞርዛተሩም ባሌስትራውም ተቀየረ። ይመር ጋሽ እንድሪስን ለሽምግልና ይዞ አማቱ ቤት ሄደ።

"እማማ፣ ጥፋቱ የመኪናዋ... የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ወይዘሮ ሎሚ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። "በል ወደ ልጄ ቤት ውሰደኝ፤ ያንን ጥግ ያለውን የማሽላ ጆንያም ጫንልኝ" አሉና ከኋላ ከጆንያው ጎን ተደላድለው ተቀመጡ። ኮረኮንቹን ሲያልፉ መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

"ይኸው ቀለልኩልህ!" አሉት።

ከፊት የተቀመጡት ጋሽ እንድሪስ የሳቃቸውን እንባ እየጠረጉ እንዲህ አሉ፦ "የባሌስትራን ስብራት፣ በአማት ክብደት!"