የሹም ጎጆ

ከደረቆ ወንዝ ዳር፣ ሰው በማይኖርበት ሰፊ ሜዳ መሀል፣ አንዲት ጎጆ ብቻዋን ቆማለች። «የሹም ጎጆ» ይሏታል። በርም መደብም አላት፤ ነዋሪ ግን የላትም። ከሜዳው በላይ አፋፉ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በየዓመቱ ግንቦት ላይ ወርደው ሣሯን ያድሳሉ፣ ግድግዳዋን ይመርጋሉ፣ ከዚያ ዘግተዋት ወደየቤታቸው ይወጣሉ። ለምን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት እንዲህ ነው።

ድሮ ጭቃ ሹም ደምለው የሚባሉ የአገሩ ሹም ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም ይባላል፤ ብቻ ቀጥ ያለ ነገር ይወዱ ነበር። አፋፉ ላይ አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ የሚኖረውን ሰው አይተው «ይህ እኮ የዝንጀሮ ኑሮ ነው» አሉና፣ በበጋ ሜዳውን በገመድ አስለክተው፣ ሁሉም በዕጣ እየተመራ እዚያ ቤት እንዲሠራ አዘዙ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ሕዝቡ ወረደ። እሳቸው ግን ከአፋፉ ንቅንቅ አላሉም። በዕጣው ዓይነ ስውሯ እትዬ ስንዱ ወንዙ ዳር ደረሳቸው፤ ዕድሜ ልኳን ውሃ የቀዳችላቸው፣ እሳት የጫረችላቸው ጎረቤታቸው አንጓች ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተጣለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንጓች ዕረፍት አጣች። ወጡን ጥዳ ትነሣለች፣ ፈትሉን ጀምራ ትጥለዋለች፤ «አሁን ወድቀው ይሆን? አሁን እሳት ይዟቸው ይሆን?» እያለች በገመድ የተለካውን ቀጥ ያለ መንገድ ስትመላለስ ትውላለች። ሰኔ ሲገባማ ባሰባት፤ ደረቆ በበጋ ፍየል የማያጠጣ፣ በክረምት ግን በሬ ከነቀንበሩ የሚወስድ ወንዝ ነውና። ሄዳ ለሹሙ ነገረቻቸው።

«ሜዳውን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሏት።

«በበጋ ነዋ ያዩት፣ ጌታዬ» አለች። አልሰሟትም።

እሷም መላ ዘየደች። በዚያ አገር አዲስ ቤት ሹም ገብቶ ካልመረቀው ቤት አይባልም፤ ጠሪ አክባሪ ነውና ቀረሁ ማለትም ነውር ነው። አንጓች ጠላ ጠምቃ በእትዬ ስንዱ ስም ጠራቻቸው። ሐምሌ ላይ፣ ሜዳው ፀሐይ እየሞቀ ደጋው ጠቁሮ ሳለ፣ ጭቃ ሹም ደምለው መደቡ ላይ ተቀምጠው «የአብርሃም ቤት ያድርግልሽ» ብለው ሳይጨርሱ ደረቆ መጣ።

በቅሏቸውን ከነኮርቻዋ ወሰዳት። ኡኡ ቢሉ ማን ይድረስ? ዕጣው እናትን ከልጅ፣ ባልንጀራን ከባልንጀራ ለያይቶ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ሩቅ ወዳለው የራሱ ሰው ሲሮጥ፣ ከጎኑ የሚጮኸውን እያለፈ ሄደ። አንጓች እትዬ ስንዱን አዘለች፤ ሹሙ መቀነቷን ይዘው ተከተሏት፤ እንዲህ ሆነው ወጡ። ያልተደረሰላቸውም ነበሩ።

በማግስቱ ጭቃ ሹም ደምለው ሕዝቡን ሰብስበው «ወደ አፋፉ፣ ወደየጎረቤታችሁ ተመለሱ» አሉ። ሰው ሁሉ እፎይ ሊል ሲል አንጓች ተነሣች።

«እርስዎማ አሁን አዩት፣ ጌታዬ። ሹም ግን ይሻራል፤ የሚተካዎት አላየውም። ውሃው አይሻርም።»

እንደሚነገረው ጎጆዋ የተሠራችው ያኔ ነው፤ ሰው ላስፍር የሚል ሁሉ አስቀድሞ አንድ ክረምት እንዲከርምባት።

ዛሬም ሜዳውን ላስፍርበት ብሎ ካርታ ይዞ የሚመጣ ሹም አይጠፋም። ሽማግሌዎቹ እስኪጨርስ አክብረው ይሰሙታል። ከዚያ አንዳቸው ይነሡና «መልካም ነው፤ ጎጆዋን መርገን ጠብቀንዎታል። ሰኔ ሲገባ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ይዘው ይምጡ» ይሉታል።

እስካሁን ልጆቹን ይዞ የመጣ የለም።