የራሰው የፊርማ ወረቀት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ክረምት ከበጋ በብስክሌት የሚመላለስ አንደበቱ የሰላ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አለቃው አቶ ጓንጉል ግን ከደጃፋቸው ሆነው የቢሯቸው ጣሪያ እየታያቸው ያለ መኪና ንቅንቅ አይሉም፤ ከዘነበ ደግሞ መኪናዋን ጭቃ እንዳይነካት ብለው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። "ከእኔ ጀምሮ ሁሉም ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይፈርማል፤ ያረፈደ እንደቀረ ይቆጠራል" ብለው የፊርማ ወረቀት ያስወጡት፣ ስማቸውንም ከአናቱ በትልቁ ያስጻፉት ግን ራሳቸው ናቸው።

ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ሰነበተ። ሰውየው በየማለዳው ውኃ እያንጠባጠበ ገብቶ ይፈርማል። ዓርብ ዕለት አቶ ጓንጉል አራት ሰዓት ላይ ከመኪናቸው ወርደው የሳምንቱን ወረቀት ቢያዩት ቀለሙ ተጨማልቋል። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ሰውየውን አቆሙት።

"አንተ ባለ ብስክሌት! እንደ ሰው በመኪና መምጣት ቢያቅትህ ባጃጅ ጠፋ? ወረቀቱን አጨቀየኸው እኮ! በል፣ ዝናብህ ያልደረሰበት አንድ ስፍራ አሳየኝ፤ ካጣህ የስንብት ደብዳቤህን ዛሬውኑ ትወስዳታለህ!"

ሰውየው እጁን በሱሪው ሊያደርቅ ሞከረ፤ ሱሪውም ርሶ ነበርና ተወው። ጣቱን ከወረቀቱ ግርጌ አንሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወሰደው፤ ከአናቱ ሲደርስ ቆመ።

"ይኸውልዎ ጌታዬ" አለ፤ "ከስምዎ ፊት ለፊት ያለው። ሳምንቱን ሙሉ እንኳን ውኃ፣ ቀለምም አልነካው።"